የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር፦ ከቦሌ እስከ ሐይቅ

ፍተሻው ላይ የቆመው ልጅ ቱቦዬን አንስቶ አገላበጠው። በአንድ ዓይኑም አጮልቆ አየበት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ።»

«ጉዞ ወዴት ነው?»

«ኮምቦልቻ።»

«ኮምቦልቻ ደግሞ ዓሣ አለ እንዴ?»

«ኮምቦልቻ አይደለም፣ ሐይቅ ነው የምሄደው።»

«የቱ ሐይቅ?»

«ሐይቅ።»

ከኋላዬ የተሰለፈች አንዲት ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። የወሎ ሰው መሆኗ ወዲያው ገባኝ። ከተማውም ሐይቅ፣ ውኃውም ሐይቅ ነው ብዬ ለልጁ ሳስረዳ እሱም ሳቀና ቱቦውን መለሰልኝ። ዘንጌ አለፈ። እኔ ግን አላለፍኩም። ከዓመት በፊት ጀልባ ላይ ለብሼው የነበረው ሰደርያ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ክር የተቋጠረበት ትልቅ የአምባዛ መንጠቆ ተኝቶ ኖሯል። ማሽኑ አየው፣ እኔ ግን ረስቼዋለሁ። እዚያው ቆሜ ኪሴን ሁሉ እንደ ሌባ ገለበጥኩ።

ነገሩ ሁሌም እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለረጅሙ ዘንግ ነው፤ ራስ ምታት የሚሆነው ግን ትንንሹ ዕቃ ነው። መንጠቆው፣ ባትሪው፣ እርሳሱ፣ በኪስ የተረሳው ቢላ። በተለይ ወደ ወሎ ስትሄዱ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። እዚያ አብዛኛው አጥማጅ የሚሠራው በመረብ ነው። ስለዚህ ሪል (ዘንጉ ላይ የሚገጠመው የክር መጠቅለያ) ወይም ቀጭን መንጠቆ መንገድ ላይ ቢጠፋባችሁ ደሴ ገበያ ወርዳችሁ ልትተኩት አትችሉም። እኔ ዕቃ የምሸክፈው በዚህ ሒሳብ ነው፦ ደሴ የማይገኘውን በእጄ፣ የሚያቆስለውን በሚጫነው ሻንጣ፣ ደሴ የሚገኘውን ደግሞ ጭራሽ አልይዝም።

ስለ ዘንጉ ርዝመት

ዘንግ ገና ያልገዛችሁ ወይም ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ያላችሁ ከሆነ አሁኑኑ ደውሉለት። «ስንት ቦታ ይገነጠላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሰባት ጫማ የሚባለው የተለመደው ዘንግ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም ገደማ ነው። ለሁለት የሚገነጠል ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ይመጣል። ለአራት የሚገነጠለው ከ55 እስከ 60 ሳንቲም ይሆናል። ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት ትልቁ ርዝመት 55 ሳንቲም አካባቢ ስለሆነ ባለ አራቱ እንኳ ከልኩ በጥቂት ሊበልጥ ይችላል፤ አንዳንዱ ሠራተኛ ዝም ይላችኋል፣ አንዳንዱ ሜትር ያወጣል። ለአምስት ወይም ለስድስት የሚገነጠለው የጉዞ ዘንግ ግን ተራ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይረሳል።

ለሚጫን ሻንጣ ሒሳቡ ሌላ ነው። በብዙ አየር መንገዶች ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ሲደመር ከ158 ሳንቲም መብለጥ የለበትም። እስቲ እናስላው። 115 ሳንቲም ርዝመትና 11 ሳንቲም ውፍረት ያለው ቱቦ 115 ሲደመር 11 ሲደመር 11 ነው። 137 መጣ። አለፈ ማለት ነው፣ እንደ አንድ ተራ ሻንጣ ይቆጠራል። የማይገነጠለው ባለ 2 ሜትር ዘንግ ግን ከመነሻው አልፎታል፤ ከመጠን በላይ ተብሎ ሊያስከፍላችሁ ወይም ጭራሽ ላይጫንላችሁ ይችላል። የማይገነጠል ዘንግ ያለው ሰው ዘንጉን ቤቱ ያስቀምጥ፣ ምክሬ ይኸው ነው።

አንቴና እየመሰለ የሚሳበውን ቴሌስኮፒክ የሚባለውንም አውቀዋለሁ። ይረክሳል፣ ያጥራል፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚባለው ዓሣ) ይበቃል። አምባዛ ሲይዝ ግን መገጣጠሚያው ላይ ይንቋቋና ልባችሁን ያወርደዋል። አልጠላውም፣ አላምነውምም።

ቱቦውን ራሳችሁ ሥሩት

የተዘጋጀ የዘንግ መያዣ ውጭ አገር ይሸጣል። እኛ ጋ ግን የቧንቧ ዕቃ መሸጫ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ከተዘጋጀው ይልቅ የቧንቧው ይጠነክራል።

ፒቪሲ የሚባለውን የፍሳሽ ቱቦ ግዙ። ለአንድ ወይም ለሁለት ዘንግ ባለ 75 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል። ለሦስትና ከዚያ በላይ ባለ 110ሩ ይሻላል። ቱቦው የሚሸጠው በረጅሙ ስለሆነ «ቁራጭ አለህ ወይ?» በሉት፤ ከሥራ የተረፈ ቁራጭ የሌለው ሱቅ አይቼ አላውቅም። ከዘንጋችሁ ረጅሙ ቁራጭ 10 ሳንቲም አስረዝሙና አስቆርጡት። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አለበለዚያ የዘንጉን ቀለም ይልጠዋል።

አንደኛውን ጫፍ በክዳን ዝጉና በቱቦ ማጣበቂያ ለጥፉት። ሌላኛውን ጫፍ አደራ እንዳትለጥፉት! በጥርስ የሚዞር ክዳን አድርጉለት። ፈታሹ መክፈት አለበት። ካልተከፈተለት ወይ ይሰብረዋል ወይ ያስቀረዋል፣ ሁለቱም የእናንተ ኪሳራ ነው። ከላዩ በፕላስተር አንድ ዙር ብቻ ጠቅልሉት፤ ጥቅሉን ፕላስተር ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ ያዙ፣ ከተፈተሸ በኋላ መልሳችሁ ለማሸግ።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ፤ ዘንግ የሚሰበረው እዚህ ነው።

ዘንግ አውሮፕላን ላይ የሚሰበረው ሻንጣ ስለሚጫንበት ይመስለን ነበር። ቱቦው ያንን ይችላል። የሚሰብረው ቱቦው በቁሙ ሲወድቅ ነው። ዕቃ አውራጁ ቱቦውን በጫፉ መሬት ላይ ሲያቆመው ውስጥ ያለው ዘንግ ተንሸራቶ በቀጭን ጫፉ ክዳኑን ይመታል። የእኔ እንደዚያ ሆነ፤ ያውም በራሴ ጥፋት። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ የእርሳስ ክብደቶቹን በካልሲ ቋጥሬ እዚያው ቱቦ ውስጥ ከትቻቸው ነበር። ከቦሌ ኮምቦልቻ እስክደርስ ያ እርሳስ መዶሻ ሆኖ ሲቀጠቅጥልኝ ቆየ። ሐይቅ ዳር ደርሼ ክዳኑን ስፈታ መጀመሪያ የወጣችው የጫፉ ቀለበት ናት። ብቻዋን፣ እንደ ጆሮ ጉትቻ።

አጠገቤ መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተቀምጫለሁ። «አብሽር ልጄ፣ ዓሣው ዘንግህን አያየውም» አሉኝና ከጀልባቸው ውስጥ አንድ የሸንበቆ እንጨት አውጥተው ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ በሸንበቆ አጠመድኩ። ከእኔ ዘንግ አያንስም ነበር፣ ይሄንን ግን ለማንም እንዳትናገሩ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የዘንጉን ቁራጮች ጎን ለጎን ስታስሩ የአንዱን ቀጭን ጫፍ ከሌላው ወፍራም እጀታ ጋር አስተኙት፤ ወፍራሙ ቀጭኑን እንዲከላከልለት። ከሁሉም ጫፍ ወፍራሙ እጀታ ቀድሞ ይውጣ፣ ቀጭኑ ከእሱ ሁለት ሦስት ጣት ወደ ውስጥ ይግባ። ሦስት ቦታ ላይ በጨርቅ ቁራጭ እሰሩት። ላስቲክ አይሁን፣ ሙቀት ሲነካው ዘንጉ ላይ ይጣበቃል። ቀለበቶቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ በመካከላቸው ያረጀ ነጠላ ወይም ካልሲ አስገቡ። ከቱቦው ታችና ላይ አራት አራት ሳንቲም የሚሆን የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣችሁ ወትፉ። የተረፈውን ክፍተት በልብስ ሙሉት። የዝናብ ልብሴ ሁሌም የሚጓዘው እዚያ ውስጥ ነው።

ሲያልቅ ቱቦውን በሁለት እጅ ይዛችሁ አራግፉት። ድምፅ ከሰማችሁ አልጨረሳችሁም ማለት ነው፤ ክፈቱና ጨምሩ።

ስምና ስልካችሁን ከውጭ ጻፉ። ከውስጥም በወረቀት አስገቡ። ከውጭ ያለው የመዳረሻ ወረቀት ይቀደዳል፣ የውስጡ ይቀራል።

ሪልና ክር

ሪሉን ከዘንጉ ፍቱት። እጀታውንም ንቀሉት፣ ክሩን የሚያጠብቀውን መቆጣጠሪያ አላሉት፣ ካልሲ ውስጥ ክተቱትና በእጅ ሻንጣችሁ ያዙት። ሪል ውድ ነው፣ ሲወድቅ ይጣመማል፣ ደሴም አይገኝም። በኤክስሬይ ላይ ግን ሰውን የሚያደናግር ዕቃ ስለሆነ ከሻንጣው ውስጥ ከላይ አስቀምጡት እንጂ ከታች አትቅበሩት። ሲጠይቋችሁ በፍጥነት አውጥታችሁ ታሳያላችሁ።

አንዳንድ አገር ላይ ጠንካራ ክር የተጠቀለለበት ሪል በእጅ አይገባም የሚል ፈታሽ ያጋጥማል፤ ክሩ ሰው ማነቂያ ይሆናል ነው ነገሩ። በሥርዓት የተጻፈ ሕግ ይኑርም አይኑር፣ እዚያ ቆሞ ያለው ሰው የወሰነው ነው የሚጸናው። ስለዚህ ትርፍ ክር በሙሉ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። ሰዓት ካላችሁ ሪሉን ባዶ አድርጋችሁ ያዙና ስትደርሱ ጠቅልሉት። እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ አላደርገውም።

መንጠቆ፣ ቢላ፣ እርሳስ

ክርክር አያስፈልገውም፣ ስለታም የሆነ ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ትልልቅ መንጠቆ፣ የዓሣ ማረጃ ቢላ፣ ፒንሳ፣ መቀስ፣ ትልቅ ዓሣ ማውጫ ሜንጦ። አሜሪካን ጨምሮ አንዳንድ አገሮች በላባ ተሠርተው ዝንብ የሚመስሉትን ጥቃቅን መንጠቆዎች በእጅ ይፈቅዳሉ፤ ትልልቁን ግን ሸፍናችሁ በሚጫነው ሻንጣ ላኩ ይላሉ። የመጨረሻው ቃል የፈታሹ ነው። ለሃያ መንጠቆ ብላችሁ በረራ አታምልጡ።

በሚጫነው ሻንጣ ስለሆነ ብቻ ግን እንደነገሩ አትወርውሩት። ሻንጣችሁን የሚከፍት ሰው አለ። እጁን ሲሰድ መንጠቆ ቢወጋው ማን ይጠየቃል? የጠርሙስ ቡሽ ሰብስቡና የመንጠቆዎቹን ጫፍ እየሰካችሁበት ክዳን ባለው የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ክተቱት። ሦስት ጥርስ ያለው መንጠቆ የተንጠለጠለበት የውሸት ዓሣ ካላችሁ መንጠቆውን ፈትታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፣ አለበለዚያ ሁሉም እርስ በርስ ተያይዞ ስትደርሱ ግማሽ ቀን ስትፈቱ ትውላላችሁ። ሳጥኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። ፈታሹ ሳይከፍተው ካየው አይከፍተውም።

እርሳስ ሌላ ጉድ ነው። የኤክስሬይ ጨረር በእርሳስ አያልፍም። በማሽኑ ላይ ጥቁር ድቡልቡል ሆኖ ይታያል፣ ከሥሩ ያለውንም ይጋርዳል፣ ስለዚህ ሻንጣው መከፈቱ አይቀርም። ክብደቱስ? አንድ ኪሎ እርሳስ ይዞ መብረር ማለት አንድ ኪሎ ቡና ትቶ መምጣት ማለት ነው። እኔ እርሳስ መያዝ ካቆምኩ ቆየሁ። ደሴ ስደርስ ጋራዥ እገባና የተጣለ ዳዶ እለምናለሁ። ዳዶ መሃሉ ቀዳዳ አለው፣ ክር ያስገባል፣ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል። ድንጋይ ሥር ተወትፎ ቢቀርም አንጀት አይበላም። ባለ ጋራዡ መጀመሪያ ቀን ግራ ገብቶት ነበር፤ አሁን ሲያየኝ ራሱ ያነሳልኛል።

ከመነሳታችሁ ቀደም ባለው ማታ የሰደርያችሁን፣ የኮፍያችሁን፣ የቦርሳችሁን ኪስ ሁሉ በእጃችሁ ዳስሱ። ኮፍያ ላይ መንጠቆ የመሰካት ልማድ ያለባችሁ ደግሞ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ባትሪ፣ ጋዝና ፈሳሽ

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መንጠቆ ወደ ታች ከሆነ ባትሪ ወደ ላይ ነው። ፓወር ባንክና ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም፤ ከእናንተ ጋር በእጅ ይጓዛል። ምክንያቱ እሳት ነው። ባትሪ ካቢን ውስጥ ቢቃጠል ሠራተኞቹ ደርሰው ያጠፉታል። ከታች ግን ማንም አይደርስበትም።

ልኩ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ባትሪው ላይ ካልተጻፈ እንዲህ አስሉ፦ ሚሊ አምፒሩን በ3.7 አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ባለ 20,000 ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከ160 በላይ ያለው በእጅም በሻንጣም አይሄድም። የግንባር መብራትም ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ በራሱ እንዳይበራ አጥፉትና ቆልፉት።

በጋዝ ቆርቆሮ የሚነፋ የውኃ ላይ ሰደርያ ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት አየር መንገዱን ይንገር። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ትንንሽ ቆርቆሮ ይፈቀዳል፣ ግን በቅድሚያ ስምምነት ነው። ይሄ ሰደርያ ለሐይቅ ቅንጦት አይደለም፤ ውኃው ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ዳር ላይ ረጋ ብሎ ሲታይ ያታልላል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ግን አትሞክሩ። የትም አይፈቀድም።

ዓሣ የሚስብ ሽታ ያለው ፈሳሽ የምትጠቀሙ ሰዎች በሁለት ላስቲክ ቋጥራችሁ በሚጫነው ክተቱት። አንድ ጓደኛዬ ጠርሙሱ ፈነዳበትና የሠርግ ሱፉ ያንን ሽታ ይዞ ቀረ። ሙሽራው እሱ አልነበረም፣ ተመስገን ነው።

ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ስትደርሱ

ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በክንፉ ላይ የሚሽከረከር ሞተር ያለው ኪው 400 የሚባለው አውሮፕላን ነው። ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ቦታ ጠባብ ነው። ከውጭ አገር በትልቁ አውሮፕላን በእጅ ያመጣችሁት ቱቦ እዚህ ላይ ሊነጠቅ ይችላል። «እዚያ ፈቅደውልኛል» ማለት አያዋጣም። ስለዚህ ቱቦው መጨረሻ ላይ እንደሚጫን አስባችሁ ገና ከመጀመሪያው አሽጉት።

የሚፈቀድላችሁ ክብደት ትኬታችሁ ላይ ተጽፏል፤ የአገር ውስጡና የዓለም አቀፉ አንድ ላይሆን ስለሚችል ሁለቱንም እዩ። ቱቦው እንደ አንድ ሻንጣ ተቆጥሮ ሌላ ሻንጣ ካላችሁ ትርፍ ሊባል ይችላል። ከሻንጣችሁ ጋር በገመድ አስራችሁ አንድ ለማስመሰል አትሞክሩ፤ እኔ ሞክሬ ማስረከቢያው ጋ ተፈታብኝ። በረራው ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ደውላችሁ ርዝመቱንና ክብደቱን ተናገሩ። የነገሯችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ማስታወሻ ያዙ።

ሳትሰጧቸው በፊት ቱቦውን ከፍታችሁ ፎቶ አንሱ። ከዘጋችሁ በኋላም አንሱ። «ተሰባሪ» የሚለውን ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ ተአምር አይሠራም፣ ግን ነፃ ነው።

ስትደርሱ ደግሞ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ ክፈቱት። እዚያው። ዘመድ ውጭ ቆሞ እያውለበለበም ቢሆን ክፈቱት። ተሰብሮ ካገኛችሁ ሪፖርት አስሞሉና ቅጂውን ያዙ። ዓለም አቀፍ ጉዞ ከሆነ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሞንትሪያል ስምምነት አለ፤ ለተበላሸ ሻንጣ ዕቃውን ከተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ፣ ለዘገየ ሻንጣ ደግሞ ሻንጣው እጃችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላመለከታችሁ ክርክሩ አለቀ። በቃል ማማረር አይቆጠርም። ከውጭ እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ትኬት ከመጣችሁ የመጨረሻዋ አጭር በረራም የዚያው ጉዞ አካል ናት።

ከውጭ ለምትመጡ

ለዘመድ አዝማድ አሥር ዘንግ ይዤ ልምጣ የምትሉ አላችሁ፤ ልባችሁ ይባረክ። ግን አሥር አንድ ዓይነት ዘንግ በጉምሩክ ፊት ንግድ ይመስላል። ለራስ የሚሆነውን አምጡ፣ ስጦታ ከሆነ ደረሰኙን ይዛችሁ በግልጽ ተናገሩ። ድሮን አምጥቼ ሐይቁን ከላይ ልቅረፀው የሚል ካለ ደግሞ ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ አይገባም፣ ዘንጉንም አብሮ ጣጣ ውስጥ ይከተዋል።

መሸጋገሪያ ካላችሁ ሻንጣው እስከ ኮምቦልቻ ታግ ተደርጎ እንደሆነ ገና ስትነሱ ጠይቁ። አዲስ አበባ ተቀብላችሁ እንደገና ማስገባት ካለባችሁ ጊዜውን አስሉት።

ትል፣ አፈር፣ ሕይወት ያለው ማጥመጃ በሻንጣ አታምጡ። ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ውኃ የሚዛመት በሽታና አረም አለ። ጫማችሁንም በደንብ አጥባችሁ አድርቁት። ኒውዚላንድን የመሰሉ አገሮች በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ሥሩ የሱፍ ጨርቅ የሆነ የውኃ ጫማ ጭራሽ ከልክለዋል። ትል ከፈለጋችሁ ሐይቅ ዳር ያሉ ልጆች ከእናንተ ቀድመው ቆፍረው ይጠብቋችኋል።

ኮምቦልቻ ከወረዳችሁ በኋላ

አውሮፕላኑ ያልሰበረውን ዘንግ ሚኒባስ ይሰብረዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወጡ ፖርቶ መጋላ ላይ የተጫነ ነገር ሁሉ በየኩርባው ይንሸራተታል። ቱቦውን ከላይ አታስጭኑ። ወንበሩ ሥር በቁመቱ ይገባል፤ ረዳቱ ቢያጉረመርም «አንተ፣ ዘንግ ነው፣ ይሰበራል» በሉት። አንዴ አንድ ረዳት የመስጊድ ሚናራ ጫፍ መስሎት በአክብሮት ጭኑ ላይ ይዞልኛል። አላረምኩትም።

ከደሴ ሐይቅ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ አለ። ቆሮሶው የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ ከውጭ መጥቶ የተጨመረ ነው፣ አሁን ግን ከባለ አገሩ በልጦ ባለ አገር ሆኗል። ለእሱ ትንንሽ መንጠቆና ትል ወይም የሊጥ ድብልቅ ይበቃል። ለአምባዛ ትልልቁን መንጠቆና ወፍራሙን ክር አውጡ፣ ማታ ማታ ይሻላል። ጊዜ ያለው ሰው ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ሐርዲቦ ሐይቅ ይውጣ፤ ከፍ ያለና ጸጥ ያለ ነው።

ከመወርወራችሁ በፊት ጠይቁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ክልሉም የራሱ ደንብ አለው፣ በዚያ ላይ ውኃው ላይ በማኅበር የሚሠሩ ሰዎች እንጀራ ነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ብቅ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያም አጥማጆቹን ሰላም በሉ። ቡና ካቀረቡላችሁ ደግሞ ቢያንስ እስከ ቶና ተቀመጡ፤ ዓሣው የት እንዳለ የሚነገረው ቡና ላይ ነው። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ግን ዘንጋችሁን አትዘርጉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የገነነ ቦታ ነው፣ መንጠቆ ይዞ የሚዞርበት አይደለም።

የተቆረጠ ክር ዳር ላይ አትጣሉ። ወፍ ይጠልፋል። ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉትና ደሴ ጣሉት።

ስትመለሱ

ከመመለሳችሁ በፊት ባለው ቀን ዕቃውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አስጡት። እርጥብ ዘንግ ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ከከረመ የቡሽ እጀታው ይሻግታል፣ ቀለበቱም ይዝጋል። ጫማው ካልደረቀ በውኃው ብቻ ሁለት ኪሎ ይጨምርባችኋል።

ዓሣ ይዞ መመለስ ይቻላል ወይ? በጾም ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የዓሣ ዋጋ ሲሰማ ሁሉም ሰው ይሄን ይጠይቀኛል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ፣ እኛ ቤት እንኳ አልተፈታም።) አየር መንገዱን ጠይቁ። ከተፈቀደ ዓሣው ተገፎ፣ በደንብ በረዶ ሆኖ፣ በሁለት ወፍራም ላስቲክ ታሽጎ፣ ክዳኑ በራሱ የማይከፈት ዕቃ ውስጥ መግባት አለበት። የበረዶ ቁርጥራጭ አትጨምሩበት፣ ቀልጦ የሰው ሻንጣ ላይ ይፈስሳል። የእኔን ከጠየቃችሁኝ እዚያው ሐይቅ ከተማ በዳጣ ጠብሰው ሲያቀርቡላችሁ ብሉትና ባዶ እጃችሁን ተመለሱ።

የተረፈ መንጠቆና ክር ካለ ይዛችሁ አትመለሱ። ትል ለቆፈሩላችሁ ልጆች ስጧቸው፤ እናንተም ፍተሻው ላይ ኪሳችሁን ከመገልበጥ ትድናላችሁ። እኔ ባለፈው የሰደርያዬን ኪስ ሁሉ እዚያው አራግፌ ሰጠኋቸው። ከልጆቹ አንዱ ቱቦውንም ዓይቶ «ይሄስ?» አለኝ።

እሱን አልሰጠሁም።